ኬጁን ሊበሉ ነው? በርበን ስትሪት ላይ ከመቀመጥዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ለሠርግ፣ ለስብሰባ ወይም ለዕረፍት ኒው ኦርሊየንስ የሄደ ሰው አንዱን ምሽት ፍሬንች ኳርተር በተባለው ሰፈር ሳያሳልፍ አይመለስም። እዚያ ባለው በርበን ስትሪት ላይ ሙዚቃው ከየበሩ ይወጣል፣ የጥብስና የቅመም ሽታ ይጠራል፣ በር ላይ የቆመው ልጅም «ግቡ፣ ቦታ አለ» ይላል። ምግቡ ግሩም ነው፤ ሳይቀምሱ እንዲመለሱ አልፈልግም። ነገር ግን ሜኑው ላይ የተጻፈው ዋጋ በመጨረሻ የሚከፍሉት አይደለም፣ የምግቡ ስምም ድስቱ ውስጥ የገባውን ሁሉ አይናገርም። ካልጠየቁ ደግሞ የሚነግርዎ የለም። የመጠየቂያው ሰዓት ገና ሳይቀመጡ ነው። ወንበር ተስቦልዎ፣ ውሃ ቀርቦልዎ፣ ልጆቹ ዳቦውን ጀምረው ሳለ ተነስቶ መውጣት ለእኛ ሰው ይሉኝታው አያስችልም።

ቤቱን ሲመርጡ

• ምግቡ የሚሠራው እዚሁ ነው? ኬጁን የሚባሉት፣ እንግሊዞች ከ1755 ጀምሮ ከአካዲያ፣ ማለትም ከዛሬው የካናዳ ኖቫ ስኮሺያ አካባቢ፣ ያፈናቀሏቸው ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ዘሮች ናቸው። የሰፈሩት ኒው ኦርሊየንስ ከተማ ውስጥ ሳይሆን ወደ ምዕራብ ራቅ ብሎ፣ ላፋየት ዙሪያ ባለው ረግረግና ሜዳ ነው። የከተማዋ የራሷ ምግብ ክሪዮል ይባላል። ኬጁንን ለሌላው ዓለም ያስተዋወቀው ፖል ፕሩዶም ነው፤ በ1979 ፍሬንች ኳርተር ውስጥ ኬ-ፖልስ የተባለውን ቤት ከፍቶ በቅቤና በቅመም ተለውሶ በጋለ ብረት መጥበሻ ላይ የሚጠቁረውን ሬድፊሽ አስወደደ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ራሱ ገበያ ስለሚስብ ማንም በሩ ላይ ይሰቅለዋል። ስለዚህ «ጋምቦው ዛሬ እዚህ ነው የተሠራው?» ብለው ይጠይቁ። ጋምቦ ወፍራም ወጥ ነው፣ መሠረቱም ሩ ነው፤ ዱቄት በዘይት ወይም በስብ እየተማሰለ እስኪጠቁር የሚበስልበት፣ እንደ ዶሮ ወጥ ሽንኩርት ትዕግሥት የሚፈልግ ሥራ። በሩው የሚኮራ ቤት አስተናጋጅ መልስ ለመስጠት አያመነታም።
ልብ ይበሉ፦ ጋምቦው ከፒዛ፣ ከናቾስና ከበርገር ጋር አንድ ገጽ ላይ ተደርድሮ ካዩ ጥርጣሬ ይግባዎ።

• በመኪና ከሂውስተን ነው የሚመጡት? እንግዲያው ኢንተርስቴት 10 ላፋየትን ሰንጥቆ ነው የሚያመጣዎ። ኬጁን በእርግጥ ለመቅመስ ከፈለጉ ምሳዎን እዚያ፣ ወይም አጠገቧ ባለችው በብሮ ብሪጅ ቢበሉ የተሻለ ነው፤ የአገሩ ሰው የሚበላበት ቤት ለቱሪስት ዋጋ አይጨምርም። ማታ በርበን ስትሪት ለሙዚቃው ይበቃዎታል።

• ቀኑ ምን ቀን ነው? በማርዲ ግራ ካርኒቫል ሰሞን (ፌብሩዋሪ ወይም ማርች መጀመሪያ ላይ ይውላል) እና ኤፕሪል መጨረሻ ላይ በሚጀምረው የጃዝ ፌስቲቫል ጊዜ ብዙ ቤቶች ሜኑውን ያሳጥሩታል፣ ዋጋውንም ይጨምራሉ። ሰገነት ላይ ለመቀመጥ ዝቅተኛ ወጪ የሚተምኑም አሉ።
ልብ ይበሉ፦ ኢንተርኔት ላይ ያዩት ሜኑ ያለፈው ወር ሊሆን ይችላል። የዛሬውን በር ላይ አስወጥተው ያንብቡ።

በር ላይ ቆመው ሳለ

• ሙዚቃው ነጻ ነው? «የመግቢያ ክፍያ የለም» የሚለው ጽሑፍ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ውስጥ ግን በሰው አንድ መጠጥ፣ አንዳንዴም ባንዱ በተጫወተ ቁጥር አንድ አንድ መጠጥ ማዘዝ ግዴታ የሆነባቸው ቤቶች አሉ። አራት ሰው ሆነው ከገቡ ልዩነቱ ብዙ ነው። «የመጠጥ ግዴታ አለ? የማይጠጣ ሰውስ በለስላሳ ማለፍ ይችላል?» ብለው ቁርጡን ይወቁ። የሙዚቀኞቹ ባልዲ ዞሮ ሲመጣም ጥቂት ብር ማስገባት ያገሩ ወግ ነው። ዝርዝር ዶላር ይያዙ፤ መንገድ ዳር ያሉት የገንዘብ ማሽኖች የሚቆርጡት ኮሚሽን ያስቆጫል።

• ልጆች ይዘዋል? ሬስቶራንት የነበረው ቤት ሲመሽ ወደ መጠጥ ቤትነት ይለወጣል። ልጅ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድለት ሳይጠይቁ አይዘዙ፤ ምግቡ ሳያልቅ «ልጆቹ መውጣት አለባቸው» ሊባሉ ይችላሉ።

• «ሦስት በአንድ» የሚለው ቅናሽ የአንዱ ዋጋ ስንት ነው? ብዙ ጊዜ አንዱ መጠጥ ቀድሞ ተወድዷል፣ ሦስቱም በአንዴ ይቀርባሉ፣ ለሦስት ጓደኛ ማካፈልም ላይፈቀድ ይችላል።

• መጸዳጃ ቤቱ አሁን ክፍት ነው? የሚያስቅ ጥያቄ አይደለም። በዚህ ሰፈር መጸዳጃ ቤት ለደንበኛ ብቻ ነው፣ በበዓል ሰሞን በክፍያ የሚያደርጉትም አሉ። ከአረጋዊ ወይም ከሕፃን ጋር ከሆኑ አስቀድመው ይወቁት።

ድስቱ ውስጥ ምን አለ?

ለእኛ አንባቢ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። አስተናጋጁ ውሸት አይነግርዎትም፤ ነገር ግን እርስዎ የሚጠብቁትን አያውቅም፣ ስለዚህም አይነግርዎትም።

• የአሳማ ሥጋ አለበት? ኬጁን ወጥ ቤት ውስጥ የአሳማ ሥጋ እንደ ቅመም ነው የሚገባው። አንዱይ የታጨሰ የአሳማ ቋሊማ ነው፤ ታሶ የታጨሰና ቅመም የበዛበት የአሳማ ሥጋ ነው፤ ቡዳን ከሩዝ ጋር የተሞላ የአሳማ ሥጋና ጉበት ነው። «የዶሮ ጋምቦ» ካሉዎት አንዱይ አብሮት የመኖሩ ነገር የተለመደ ነው። ከሩዝ ጋር የሚሠራው ጃምባላያም እንዲሁ። ከሁሉ የሚያታልለው ቀይ ባቄላ በሩዝ ነው፤ ጥራጥሬ ስለሆነ ጾም ይመስላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚቀቀለው ከአሳማ አጥንት ወይም ሥጋ ጋር ነው።
ልብ ይበሉ፦ «ሥጋውን አውጡልኝ» ማለት አይጠቅምም። ሥጋው ሰዓታት አብሮ በስሏል፣ መረቁም እሱው ነው። ጥያቄው «ሲሠራ የአሳማ ሥጋ ወይም ስብ ገብቶበታል?» የሚል ይሁን።

• በጾም ነው የመጡት? ሉዊዚያና ደቡቡ የካቶሊክ አገር ስለሆነ በፋሲካ ጾማቸው ሰሞን «የጾም ሜኑ» ተብሎ ይለጠፋል። እንዳይታለሉ። እነሱ ዓርብ ዓርብ የሚተዉት ሥጋ ነው፤ ዓሣ፣ ሽሪምፕ፣ ክሮውፊሽ (ትንሽ ሎብስተር የሚመስል የጨው አልባ ውሃ እንስሳ)፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ወተት ሁሉ ይበላል። የጾም ልዩ ምግባቸው ኤቱፌ ከሆነ በቅቤ የተሠራ የክሮውፊሽ ወጥ ነው የሚመጣልዎ። የእኛን ጾም በአንድ ቃል የሚገልጽላቸው «ቪጋን» ነው። ከዚያ ቀጥለው «መረቁ ከምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ባዶ የሚመስለው የአትክልት ሾርባ በዶሮ ወይም በሽሪምፕ ቅርፊት ውሃ ሊሠራ ይችላል። የበቆሎ ዳቦው እንቁላልና ወተት አለበት። የተጠበሰው ባሚያ ደስ ይላል፤ ግን ሊጡ እርጎ መሰል ወተት ወይም እንቁላል ሊኖርበት ይችላል፣ ዘይቱም ሽሪምፕ የተጠበሰበት ሊሆን ይችላል። ንጹህ ጾም ከሆነ የቀረዎት ነጭ ሩዝ፣ ሰላጣና ያለ ቅቤ የተቀቀለ አትክልት ነው። እውነቱን ለመናገር በጾም ቀን እዚህ ሙሉ ራት መክፈል አያዋጣዎትም፤ ሙዚቃውን ሰምተው ሌላ ቦታ ቢበሉ ይሻላል።

• ዓሣው ቅርፊት አለው? ከሽሪምፕ፣ ከክራብና ከኦይስተር የሚርቅ ሰው ብዙ ጊዜ «ዓሣ ስጡኝ» ብሎ ካትፊሽ ይቀርብለታል። ካትፊሽ የእኛው አምባዛ ዘመድ ነው፣ ቅርፊት የለውም። ሬድፊሽ ቅርፊት አለው። ግን እሱም ላዩ ላይ የክሮውፊሽ ወይም የክራብ ሶስ ተደርጎበት ሊመጣ ይችላልና «ሶሱ ለብቻው ይምጣ» ይበሉ። ጋተር ተብሎ በትንንሹ ተጠብሶ የሚቀርበው አዞ ነው። ለጠረጴዛው መክፈቻ ተብሎ በአንድ ሳህን ተቀላቅሎ ሲመጣ ከዶሮ አይለይም።

• ጣፋጩ ውስጥ አልኮል አለ? ብሬድ ፑዲንግ ላይ የሚፈሰው ሶስ ብዙ ጊዜ ዊስኪ ወይም ረም አለበት፣ አልኮሉም ሁልጊዜ በስሎ አይጠፋም። መጠጥ የማይነኩ ሰዎችና ልጆች ካሉ ሶሱን ያስቀሩ።

• ደም ግፊት አለብዎ? በርበሬና ሚጥሚጣ የለመደ ሰው የኬጁን ማቃጠል አያስፈራውም። የሚያስፈራው ጨው ነው። የተዘጋጁት የቅመም ድብልቆች፣ ቋሊማውና የክሮውፊሹ መቀቀያ ውሃ ጨው የበዛባቸው ናቸው። ጨውን እዚያ ጠረጴዛ ላይ መቀነስ አይቻልም፤ ከወጥ ይልቅ ለብቻው የሚጠበሰውን ዓሣ ቅመሙን አሳንሰው ቢያዙ ይሻላል።

በፓውንድ የሚሸጠው

• ክሮውፊሹ የዛሬ ዋጋው ስንት ነው? ሜኑው ላይ ከቁጥር ይልቅ «ማርኬት ፕራይስ» ተብሎ ከተጻፈ ዋጋው በየሳምንቱ ይለዋወጣል ማለት ነው። በ2023 ድርቅ ምክንያት በ2024 መጀመሪያ ክሮውፊሽ ጠፍቶ ዋጋው ጣራ ነክቶ ነበር። «በፓውንድ ስንት? ዝቅተኛው ትዕዛዝ ስንት ፓውንድ ነው? ድንችና በቆሎው በዋጋው ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው ይታሰባል?» ሦስቱንም በአንዴ ይጠይቁ።
ልብ ይበሉ፦ ከክብደቱ አብዛኛው ቅርፊት ነው። ከ3 ፓውንድ የሚወጣው ሥጋ ግማሽ ፓውንድ እንኳ አይሞላም። ትሪው ተራራ ሆኖ ሲመጣ ሁለት ሰው የሚያጠግብ ይመስላል፣ አንዱንም አያጠግብም። ጭንቅላቱን ከጭራው ጠምዝዘው ይነጥላሉ፣ የጭራውን ቅርፊት ይላጣሉ፣ የምትቀረው የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ናት።

• ወቅቱ ነው? ጥሩው ጊዜ ከማርች እስከ ሜይ ነው፤ ከጃንዋሪ ገደማ ጀምሮ እስከ በጋው መግቢያ ይገኛል። በኦገስት ወይም በኦክቶበር «ትኩስ ክሮውፊሽ» የሚል ካጋጠመዎ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ።

• የአገር ውስጥ ነው የውጭ? ሱቅና ሬስቶራንት ውስጥ የሚሸጠው ሽሪምፕ ብዙው ከእስያ የሚመጣ ነው፣ የተላጠ ክሮውፊሽም ከቻይና ይገባል። የሉዊዚያና ሕግ የውጭ ሽሪምፕና ክሮውፊሽ የሚያቀርብ ሬስቶራንት ለደንበኛው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮም ጠብቋል። ስለዚህ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የሜኑውን ግርጌ ያንብቡ። ግድግዳው ላይ የአሳ አጥማጅ ጀልባ ሥዕል መሰቀሉ ምንም አያረጋግጥም።

ጥሬ ኦይስተር

• ጉበትዎ ጤነኛ ነው? ይህን ቀለል አድርገው አይለፉት። ከሞቃት ባሕር የሚወጣ ጥሬ ኦይስተር ቪብሪዮ ቩልኒፊከስ የተባለ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ለጤነኛ ሰው አደጋው አነስተኛ ነው፤ የጉበት ሕመም፣ ስኳር፣ ካንሰር ወይም የተዳከመ የበሽታ መከላከያ ላለበት ሰው ግን ደም ውስጥ ገብቶ ሊገድል ይችላል። በእኛ ማኅበረሰብ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት፣ እንዳለበትም የማያውቅ ሰው ጥቂት አይደለም። በሉዊዚያና ጥሬ ኦይስተር የሚሸጥበት ቤት የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ እንዲለጥፍ ይገደዳል፤ ጽሑፉ ትንሽ ስለሆነ፣ ሰፈሩም ስለሚጮህ ማንም አያነበውም። ሎሚ፣ ታባስኮ የተባለው የበርበሬ ሶስና አልኮል ባክቴሪያውን አይገድሉትም። የሚገድለው እሳት ነው። መቅመስ ካማረዎ በከሰል ላይ በነጭ ሽንኩርትና በቅቤ የሚጠበሰውን ይዘዙ፤ በደንብ እንዲበስልም ይንገሯቸው።

መጠጡ

• ብርጭቆው ውስጥ ስንት መለኪያ አለ? ሃሪኬን የሚባለው ቀይ መጠጥ የፍራፍሬ ጭማቂ ይመስላል፣ ከፍተኛ መጠን ያለው ረም ነው። ከበረዶ ጋር የሚፈጨው ዳይክሪ የተባለ መጠጥም እንደ አይስክሬም ስለሚወርድ ስካሩ ዘግይቶ ነው የሚመታው። አንዷን ለሁለት መካፈል ነውር የለውም።
ልብ ይበሉ፦ መታሰቢያ ብርጭቆው በዋጋው ውስጥ ተቆጥሮ ሊሆን ይችላል። «ያለ ብርጭቆው ስንት ነው?» ይበሉ።

• በትሪ የሚዞረው ማን አዘዘው? ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞሩ በትንንሽ ቱቦ መጠጥ የሚያቀርቡ ሠራተኞች አሉ። ፈገግ ብለው ከሰጡዎ ስጦታ አይደለም። ዋጋው ሳይነገርዎ እጅዎን አይዘርጉ።

• መታወቂያ ይዘዋል? 21 ዓመት ያልሞላው አይጠጣም፤ ከውጭ አገር የመጣ ሰው ፓስፖርት ይጠየቃል።

• ይዘውት ሊወጡ ነው? በፕላስቲክ ኩባያ ይዞ መንገድ ላይ መሄድ በዚህች ከተማ ይፈቀዳል፣ በብርጭቆና በጠርሙስ አይፈቀድም። መኪና ውስጥ ግን የተከፈተ መጠጥ ይዞ መገኘት ያስቀጣል። ጠጥቶ መንዳትማ በግሪን ካርድ ወይም በቪዛ ለሚኖር ሰው ፍርድ ቤት ላይ አያበቃም፤ ቪዛ ሊያሰርዝ፣ የዜግነት ማመልከቻንም ሊያሰናክል ይችላል። የምሽቱ ታክሲ ምንም ቢወደድ ከዚያ ይረክሳል።

ቢሉ ሲመጣ

• ጉርሻው አስቀድሞ ተደምሯል? በዚህ ሰፈር ብዙ ቤቶች 18 ወይም 20 በመቶ ጉርሻ ራሳቸው ይጨምራሉ፤ ስድስት ሰው ከሆናችሁ ይጨመራል፣ አንዳንዱ ቤት ግን ለሁለት ሰውም ይጨምራል። ከዚያ ካርድዎ ተከፍሎበት ሲመለስ ደረሰኙ ላይ «ቲፕ» የሚል ባዶ መስመር አለ። ያ መስመር ብዙ ሰው ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። ቁጥሩን ያስሉት፦ የሁለት ሰው ምግብና መጠጥ 100 ዶላር ሆነ እንበል። የግዛቱና የከተማው የሽያጭ ታክስ 10 በመቶ ገደማ ነው፤ 110 ሆነ። 20 በመቶ ጉርሻ ተጨመረ፤ 130 ሆነ። በካርድ ለመክፈል 3 በመቶ የሚያስከፍል ቤት ከሆነ 133 ዶላር ከ90 ሳንቲም። ባዶው መስመር ላይ ሳያውቁ ሌላ 20 ከጻፉ 153 ዶላር ከ90 ሳንቲም። ሜኑው ላይ ያዩት 100 ነበር።
ልብ ይበሉ፦ ጉርሻ ካልተደመረ ግን አይንፈጉ። ሉዊዚያና የራሷ ዝቅተኛ ደመወዝ የላትም፤ በፌደራል ሕግ አሠሪው ጉርሻ ለሚያገኝ አስተናጋጅ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም መክፈል ይበቃዋል፣ ያም ከ1991 ጀምሮ አልተለወጠም። የሰውየው ደመወዝ የእርስዎ ጉርሻ ነው።

• ውሃው የቧንቧ ነው? «ውሃ» ብቻ ካሉ ጠርሙስ ሊከፈትልዎ ይችላል። የቧንቧ ውሃ በረዶ ተደርጎበት በነጻ ይሰጣል። ለስላሳውም ሲደገም ይቆጠር እንደሆነ ይወቁ።

• ካርድዎ የት አለ? ባር ላይ ሂሳብ ክፍት ተደርጎ ካርድ ተይዞ ከሆነ ሳይዘጉት አይውጡ፤ የተወ ሰው ላይ ቤቱ የራሱን ጉርሻ ጨምሮ ይዘጋዋል። የፈረሙበትን ደረሰኝ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ከሦስት ቀን በኋላ ባንክዎ ላይ የሚወጣው ቁጥር ከእሱ ጋር እኩል መሆን አለበት።

ሲወጡ

• መኪናውን የት አቆሙት? ማታ ማታ በርበን ስትሪት ለመኪና ዝግ ነው፤ የጠሩት ታክሲም ጥግ ድረስ ነው የሚመጣው። ፓርኪንጎቹ በበዓል ቀን ዋጋቸውን ይቀይራሉ፣ በጎን መንገዶቹ ላይ ደግሞ ለነዋሪ ብቻ የተፈቀዱ ቦታዎች አሉ። ሲያቆሙ ምልክቱን ከነዋጋው ፎቶ ያንሱ። ሆቴልዎ በትራም መስመር ላይ ከሆነ መኪናውን እዚያው ይተዉት፤ ትራሙ 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው።

• «ጫማህን የት እንዳገኘኸው አውቃለሁ፣ 20 ዶላር እንወራረድ» የሚል ሰው ካስቆመዎ ውርርዱ አስቀድሞ ተበልቷል። መልሱ «እግርህ ላይ፣ በርበን ስትሪት ላይ» የሚል የቃላት ጨዋታ ነው፤ ከዚያ ጓደኞቹ ከበው ክፍያ ይጠይቃሉ። ጫማዎን ሊጠርግ ጎንበስ ካለም እግርዎን ይሰብስቡ። ሳይቆሙ፣ ሳይከራከሩ፣ «አመሰግናለሁ» ብለው ይለፉ።